ጾመኛው ድመት

ባለፈው ሁዳዴ ለአንድ ጉዳይ ደብረ ታቦር ሄጄ ገበያውን አቋርጬ ስወርድ አንድ ሽታ አስቆመኝ። የከሰል ካውያ እርጥብ ጨርቅ ላይ ሲያርፍ የሚወጣው ሽታ ነው። ትንሽ የተለበለበ ሱፍ፣ ትንሽ የማሽን ዘይት፣ ትንሽ አመድ። ዞር ስል አንድ ወጣት ልብስ ሰፊ ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ሱሪ ይተኩሳል። ሱቁ የማውቀው ሱቅ አይደለም፣ ልጁንም አላውቀውም። እኔ ግን ወደ እጄ አየሁ። ምሳ ዕቃ የያዝኩ መስሎኝ ነበር።

አንደኛ ክፍል በነበርኩበት ዓመት አያቴ፣ የእናቴ አባት፣ በጋሽ ሰይድ የጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ ልብስ ይሰፉ ነበር። ሰው ከውስጥ ጨርቁን ይገዛል፣ በረንዳው ላይ ይለካል፣ ለበዓል መጥቶ ይወስዳል። ሁለቱ ሰዎች እንዲህ ጎን ለጎን ስንት ዓመት እንደቆዩ አላውቅም። እኔ ነፍስ ሳውቅ ግን አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው ዞር ሳይል ነበር «ይማርዎት» የሚለው። አያቴ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ነገር ማሳመር የሚወዱ ሰው ነበሩ። ሜትራቸው ከአንገታቸው አይወርድም። አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ከነጠላቸው ስር ተንጠልጥሎ እናቴ አይታ ልትሞት ነበር በሳቅ።

ከገና በኋላ አያቴ ታመሙና ስኳር ተገኘባቸው። ሐኪሙ በየጠዋቱ የሚወሰድ ኪኒን አዘዘላቸው፤ ኪኒኑን ውጠው ምግብ ሳይበሉ ከዋሉ ስኳራቸው ከልክ በታች ወርዶ እንደሚጥላቸው አጥብቆ ነገራቸው። ብዙ ሳይቆይ ሁዳዴ ገባ። እንደ አያቴ ላለ ጾመኛ ደግሞ ሁዳዴ ሥጋና ወተት መተው ብቻ አይደለም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውሃም አይቀምሱም።

እናቴ የንስሐ አባታቸውን ቤት ድረስ አስጠራች። ቄሱ ነገሩን ሰምተው፣ «በሽተኛ አይገደድም። ምግቡ የጾም ይሁን እንጂ በስድስት ሰዓት ይብሉ፤ እኔ ፈቅጃለሁ» አሏቸው። አያቴ መስቀል ተሳለሙ፣ አመሰገኑ፣ እስከ በር ሸኟቸው። በማግስቱ ኪኒኑን ብቻ ውጠው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሙ።

«አባዬ፣ እሳቸው የፈቱትን እርስዎ መልሰው ያስሩታል?» አለች እናቴ።

«አይ ልጄ። እኔ ለእግዚአብሔር ምን ሰጥቼው አውቃለሁ? ቤቱን አልሠራሁለት፣ ገዳም አልገባሁለት። ያለችኝ ይቺው ጾም ናት። ከልጅነቴ ጀምሬ አጉድያት አላውቅም። አሁን መሄጃዬ ሲደርስ ላጉድላት?»

እናቴ ሲጨንቃት እንደምታደርገው የነጠላዋን ጫፍ ታሽ ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ዞረችና ሥራ ሰጠችኝ። ከትምህርት ቤት በስድስት ሰዓት እወጣለሁ፤ ቤት ገብቼ ምሳ ዕቃውን ይዤ ወደ ሱቁ እሮጣለሁ። «ሲበሉ በዓይንሽ ካላየሽ እንዳትመለሺ» አለችኝ። «ሳይበሉ ከዋሉ ይወድቁብናል።»

እንዲህ ሆኜ አያቴን ማሳደድ ጀመርኩ።

ማሳደድ ስል ለማጋነን አይደለም። የመጀመሪያው ቀን፣ «አስቀምጪው፣ ይቺን ስፌት ልጨርስ» አሉ፤ ስፌቷ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አላለቀችም። በሁለተኛው ቀን ማሽኑ አጠገብ ቆሜ አልነቃነቅ ብል፣ አንድ ሰው ሊለኩ ሄደው ቀሩ። ከዚያ ወዲያ ገና ከመንገዱ ማዶ ሲያዩኝ ይሰወሩ ጀመር። በርጩማቸው ባዶ፣ ክሩ መርፌው ላይ እንደተንጠለጠለ፣ የማሽኑ ጎማ ገና እየተሽከረከረ አገኘዋለሁ። በርበሬ የሚሸጡትን ሴቶች ስጠይቅ፣ «አሁን በዚህ አለፉ» ይሉኝና በተቃራኒው ይጠቁሙኛል። ለእነሱ ጨዋታ ነበር። አንዴ ከጋሽ ሰይድ ጣቃ ጨርቆች ጀርባ እንደተደበቁ ጠርጥሬ ጎንበስ ብዬ ከስር ባይ እግር የሚባል ነገር የለም። ለካ እግራቸውን እንኳ አጥፈው ጣቃው ላይ ወጥተው ኖሯል። ይህን የነገረችኝ የጋሽ ሰይድ ልጅ ሐያት ናት፤ የነገረችኝም ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው።

ሐያት እኩያዬ ናት። ቤታቸው ከሱቁ ጀርባ ነው፤ በመካከል ጨርቅ የሚከመርባት አንዲት ክፍል አለች። በዚያ ዓመት ጋሽ ሰይድ ዲሽ አስገብተው ቴሌቪዥኑን እዚያች ክፍል ውስጥ አስቀመጡት። አያቴ ሲያመልጡኝ፣ እስኪመለሱ ከሐያት ጋር ጣቃ ላይ ተቀምጬ ካርቱን አያለሁ።

ካርቱኑ ውስጥ አንድ ድመት አንዲት አይጥ ያሳድዳል። ወሬ የለውም፤ ሩጫና ሙዚቃ ብቻ ነው። ድመቱ ሊይዛት ሲል ግድግዳ ይጋጫል። መጥበሻ ፊቱ ላይ ያርፍና ፊቱ ክብ ይሆናል። አንዴ ካውያ ከላይ ወድቆበት ጠፍጥፎት ቀረ። ያን ቀን እኔና ሐያት ሁለታችንም ወደ አያቴ ካውያ አየን። ድመቱ ግን ብድግ አለ፣ ራሱን አራገፈ፣ ሩጫውን ቀጠለ። ሁልጊዜም እንዲሁ ነው። አንዳንዴ አይጧን በጅራቷ ይዟት፣ አፉን ከፍቶ ሳለ መብራት ይሄዳል። መብራት ሲመጣ ሌላ ፕሮግራም ይሆንና እኔ ሌሊቱን ስለ አይጧ ሳስብ አድራለሁ።

አያቴ አንዳንዴ ዘጠኝ ሰዓት ሞልቶ ሽሯቸውን እየበሉ በበሩ በኩል ያዩት ነበር። እኔና ሐያት ለአይጧ ነን፤ እሳቸው ለድመቱ ናቸው።

«ምስኪን» ይላሉ። «ዛሬም ሳይበላ ዋለ።»

«አባባ፣ ለምንድን ነው የማይበላት? ያዛት እኮ።»

አያቴ ጉርሻቸውን ዋጡ። «ጾም ነዋ ልጄ። በሁዳዴ ሥጋ ይበላል እንዴ?»

ጋሽ ሰይድ ከባንኮኒው ጀርባ ሲስቁ ሰማኋቸው። እኔ ግን አልሳቅሁም። ነገሩ ሁሉ ቦታ ቦታውን ያዘልኝ። ልኳንዳ ቤቱ ተዘግቷል፣ እናቴ ቅቤዋን ከድናለች፣ ድመቱም ጾመኛ ነው። ይሮጣል፤ ይይዛታል፤ ትዝ ሲለው ይለቃታል። ድመቱን የሚያሳድደው ትልቅ ውሻም እንደዚያው። አንድ ነገር ብቻ አልገባኝ አለ።

«አይጧ ግን አይብ ትሰርቃለች። አይብ ያስገድፋል» አልኳቸው።

«አይጧ ልጅ ናት፤ ልጅ አይጾምም» አሉ አያቴ፣ ሳያመነቱ።

በማግስቱ ሐያት ይህን ስነግራት አልተቀበለችም። ቴሌቪዥኑ የነሱ ስለሆነ ድመቱም የነሱ ነው፤ የያዘውም ረመዳን ነው አለች። ተከራከርን። ከዚያ ግን ክርክሩን ትተን ተያየን። ረመዳን ከሆነ ማታ ያፈጥራል፤ ማታ ካፈጠረ ማታ ይበላታል። ተያይዘን ወደ ጋሽ ሰይድ ሮጥን።

«ማታ ማታ ዜና ነው» አሉን፤ ጨርቅ እየለኩ። ይህ ለጊዜው አሳረፈን።

እኔን ያላሳረፈኝ ፋሲካ ነበር። ድመቱ ሁዳዴ ከያዘ፣ ፋሲካ ሲሆን ይፈታል። ይህን ያህል ጊዜ ሳይበላ የቆየ ድመት ምን እንደሚያደርግ ማንም ያውቃል። ሌሎች ልጆች ስለ ዶሮና ስለ አዲስ ልብስ ያወራሉ፤ እኔ ፋሲካ ባይመጣ እላለሁ። አያቴ ለበዓሉ ቀሚስ ሊሰፉልኝ ሲለኩኝ፣ «ክንድሽን ዘርጊ እንጂ፣ ምን አኮማተረሽ?» አሉኝ። ምክንያቱን ልነግራቸው አፈርኩ።

ከካርቱኑ የተማርኩት ሌላም ነገር ነበር፤ ይህኛውን ግን ያኔ ለማንም አልተናገርኩትም። ድመቱ ቢወድቅም፣ ቢደፈጠጥም፣ ከላይ ዕቃ ቢዘንብበትም ይነሳል። ጾመኛ ስለሆነ ነው ብዬ ደመደምኩ። አያቴ ሁልጊዜ «ጾም ይጠብቃል» ይሉ የለ? አያቴም ጾመኛ ናቸው።

ጾሙ ሲጋመስ አያቴ መክሳት ጀመሩ። ሸሚዛቸው አንገታቸው ላይ ሰፋ። ክር መርፌ ውስጥ የማስገባው እኔ ሆንኩ፤ ዓይኔ የተሻለ ስለሆነ ነው ብለውኝ አመንኳቸው። እኔም ማሳደዴን አላቆምኩም። በጣቶቼ ጫፍ እየረገጥኩ፣ በየምሰሶው እየተለጠፍኩ እመጣለሁ፤ ድመቱ እንደዚያ ነው የሚመጣው። እሳቸው ደግሞ አንድ ጊዜ የሰው ካፖርት ለብሰው ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ቢቆሙ፣ «ጋሼ፣ አያቴን አይተዋል?» ብዬ ጠይቄያቸው አለፍኩ።

አንድ ቀን ግን ስመጣ ጎማው አይሽከረከርም። ወደ ውስጥ ገባሁ። ከጣቃዎቹ ጀርባ፣ መሬት ላይ፣ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ፊታቸው በላብ ርሷል፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣል።

«ያዝኩዎት» አልኳቸው።

አንድ ነገር ሊሉኝ ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ፤ ቃሉ ግን አልወጣም። ከዚያ በቀስታ ወደ ጎን ተንሸራተው ተኙ። ሜትራቸው ፊታቸው ላይ ወደቀ። እኔ ሜትሩን አነሳሁላቸው፣ አጠገባቸው ተቀመጥኩ፣ ሲነሱ እንዲበሉ ምሳ ዕቃውን ከፈትኩ። ሐያትም መጥታ በሌላው ጎን ተቀመጠች። አልፈራንም። ቴሌቪዥኑ እየሠራ ነበር፤ ሙዚቃው ትዝ ይለኛል።

ጋሽ ሰይድ ጣቃ ሊያወርዱ ገቡ። «ምን ሆኑ?»

«ወድቀው ነው» አልኩ። «አሁን ይነሳሉ።»

ጋሽ ሰይድን እንደዚያ ሲሮጡ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ከቤት ስኳር ይዘው ተመለሱ፤ በውሃ አርሰው በጣታቸው የአያቴን ድድ እያሹ፣ «አያ ታደገ፣ አያ ታደገ፣ ይስሙኝ እንጂ» ይላሉ። አያቴ ዓይናቸውን የገለጡት ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ አላውቅም። ጋሽ ሰይድ ቀና አድርገው የቀረውን የስኳር ውሃ አጠጧቸው፣ በባጃጅ ወደ ሐኪም ቤት ወሰዷቸው። አያቴ ሲወጡ እኔን ፈልገው አዩኝ። እኔ ክዳኑን ከፍቼ ምሳ ዕቃውን እንደያዝኩ ነበርኩ።

ማታ አያቴ መደብ ላይ ጋደም ብለው፣ እናቴ እግራቸው ስር ተቀምጣ እያለቀሰች፣ ነገሩን ደጋግማ ጠየቀችኝ። «እንዴት ሰው አትጠሪም ልጄ? እንዴት ዝም ብለሽ ትቀመጫለሽ?» እየተቆጣችኝ አልነበረም። ሊገባት ስላልቻለ ነው።

«ይነሳሉ ብዬ ነዋ» አልኩ። «ድመቱ ሁልጊዜ ይነሳል። ጾመኛ ነው። አባባም ጾመኛ ናቸው።»

እናቴ ምንም አልገባትም። አያቴ ግን ገባቸው። እጃቸውን ዘረጉልኝ። ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ብርቄ፣ ድመቱ ሥዕል ነው። ሰው ነው የሳለው። ሲወድቅም የሚያነሳው ሰው ነው፤ በእርሳሱ። እኔ ሥዕል አይደለሁም ልጄ። ከወደቅሁ ልቀር እችላለሁ።»

በዚያች ቅጽበት ነው የፈራሁት። ቀን ላይ ያልመጣው ፍርሃት ሁሉ አንድ ላይ መጣ። አለቀስኩ፤ ሸሚዛቸውን ይዤ አለቀስኩ። አያቴ ራሴን እየዳበሱ፣ «በይ እንግዲህ፣ በይ» ይሉኛል። ድምፃቸው ግን የእሳቸው አልመስል ብሎ ነበር።

«ሥዕል ይጾማል?» አልኳቸው በመጨረሻ።

«አይጾምም። ቀልዴን ነው።»

ይህንን አላመንኩም። ካልጾመ ለምን አይበላትም?

አያቴ ወደ ሱቁ ሲመለሱ፣ በስድስት ሰዓት ምሳውን ይዤ ስደርስ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። እጃቸውን ታጥበዋል። አልተደበቁም። ጋሽ ሰይድ የገበያ ሰው እንዳያያቸው የኋለኛዋን ክፍል አዘጋጅተውላቸዋል፤ «እኛም ዘንድ እኮ በሽተኛ አይጾምም፣ አያ ታደገ» ይሏቸዋል፣ ማፈራቸውን አይተው። አያቴ ለበሩ ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀመጡ። አቡነ ዘበሰማያቱ ረዘመባቸው። የመጀመሪያውን ጉርሻ አንስተው አፋቸው ጋ ሲደርስ ቆሙ፤ እንባቸው ጉንጫቸው ላይ ወረደ፣ ከዚያ ጎረሱ። ሽሮ ነበር፤ ከጾሙ የፈረሰው ሰዓቱ ብቻ ነው። ለእሳቸው ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ የያዙት ነገር ነበር፣ እኔ ደግሞ ሲለቁት በዓይኔ አየሁ። ቄሱ ያላስለቀቋቸውን እኔ አስለቀቅኋቸው ብዬ መኩራት ይገባኝ ይሆናል። አልኮራሁም፤ አሳዘኑኝ።

በማግስቱም ተቀምጠው ጠበቁኝ። ከዚያ በኋላም። እኔ ግን ምሳውን አስቀምጬ ተለጉሜ እቆማለሁ።

«ምነው? እየበላሁ አይደል?» አሉኝ አንድ ቀን።

«አዎ።»

«ታዲያ ምን ሆንሽ?»

«አሁን እኮ አያመልጡኝም» አልኩ።

አያቴ አዩኝ። እንጀራውን ክዳኑ ላይ መለሱት። ተነሱ፤ ወደ በረንዳው ወጥተው መርፌውን ከጨርቁ ነቀሉ፣ ሜትራቸውን አስተካከሉ፣ ከዚያ ሳይታሰብ ማሽኑን ዞረው ሮጡ። ሩጫ ከተባለ ነው፤ አንድ ጉልበታቸው አይታጠፍም። ሁለት ጊዜ ዞርን። በርበሬ ሻጮቹ ቆመው ያያሉ፤ ጋሽ ሰይድ ባንኮኒው ላይ ተደፍተው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። በሦስተኛው ዙር ኮታቸውን ያዝኩ። «ተያዝኩ» አሉ ቁና ቁና እየተነፈሱ፣ ወደ ውስጥ ተመልሰው ተቀመጡ፣ በሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ጾሙ ፍቺ ሳይሮጡ አልበሉም፤ ሮጠውም ሳይበሉ አልቀሩም።

ፋሲካ መጣ። ከሰዓት በኋላ ድፎ ዳቦ ይዘን ጋሽ ሰይድ ቤት ሄድን። አዲሱን ቀሚሴን ለብሻለሁ፤ ሐያት ቴሌቪዥኑን ከፍታ ትጠብቀኛለች። ፊቷን ሳይ እሷም ሌሊቱን እንዳልተኛች ገባኝ። አያቴ ጣቃው ላይ በመካከላችን ተቀመጡ። ድመቱ አሳደዳት። ጠረጴዛ ስር፣ መጋረጃ ላይ፣ ደረጃ ላይ። ከዚያ ያዛት፣ በሁለት እጁ፣ አፉንም ከፈተ። ፊቴን የአያቴ ኮት ውስጥ ቀበርኩ። መብራቱ እንዲሄድ ጸለይኩ፤ አልሄደም።

«ቀና በይ» አሉኝ አያቴ።

አይጧ ድመቱ ጀርባ ላይ ቆማ ትስቃለች። ድመቱ ይፈልጋታል።

«ለምን አልበላትም? ጾሙ እኮ ተፈትቷል!»

አያቴ አገጫቸውን ያዙ፣ አሰቡ። «እንጃ ልጄ። ብላ ተብሎም እምቢ የሚል አለ።»

ጋሽ ሰይድ ከበሩ ላይ ሳቁ። «እኔም አንድ አውቃለሁ» አሉ።

በዓሉ አልፎ ሱቆች ሲከፈቱ እናቴ ምሳ ዕቃውን ሰጠችኝ። አሁን ማሳደድም መጠበቅም አያስፈልግም። ጾሙ አልቋል፣ አያቴ በፈለጉት ሰዓት ይበላሉ፣ ማንም አይፈርድባቸውም። «አድርሰሽ ብቻ ነይ» አለችኝ። መንገዱን ተሻግሬ በረንዳው ላይ ስወጣ በርጩማው ባዶ ነው። ጎማው ገና ይሽከረከራል። በርበሬ ሻጮቹን ሳልጠይቃቸው በተቃራኒው ጠቆሙኝ።

ወደ ውስጥ ገባሁ። እግራቸውን አጥፈው ጣቃ ላይ መውጣት የሚችሉ ሰው ናቸው፤ ሐያት ነግራኛለች። ያን ቀን ግን ከጣቃዎቹ ስር ሁለት ጫማዎች ወጥተው፣ ጫፋቸው ወደ እኔ ዞሮ፣ ቁጭ ብለዋል። በደንብ ተወልውለዋል። ምሳ ዕቃውን ድምፅ ሳላሰማ መሬት ላይ አስቀመጥኩና በጣቶቼ ጫፍ እየረገጥኩ ወደ ጫማዎቹ ሄድኩ።